መልስ ያላገኘችው ፖስታ ካርድ

ወዳጆቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የሌላችሁ ደግሞ ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝና "ቲቸር! እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለኝ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ከፊት ወንበር ይቀመጥ ነበር። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ዩኒቱን ረሱት" የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። አሁን በፊዚክስ ዲግሪ አለው። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባጃጁ የአጎቱ ነው፤ "ሥራ እስካገኝ ድረስ" ብሎ ነው የያዘው።

"አይዞህ፣ ይገኛል" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሳቅ አለና "አዎ ቲቸር፣ አንስታይንም ሥራ አጥ ነበር። እርስዎ ነበሩ የነገሩን" አለኝ።

ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ስወርድ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ "አምና ቴሌግራም ላይ ጽፌልዎት ነበር እኮ። አላዩትም መሰለኝ።"

አይቼዋለሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን ክፍል ውስጥ አጣምሜ ያስተማርኩትን ታሪክ ላቃና። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ነው የከረምኩት። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. የተሳሳተው ታሪክ

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እንዲህ ነበር፦ አንስታይን ሰነፍ ተማሪ ነበር፣ ሒሳብ ይወድቅ ነበር፣ ሥራ አጥ ነበር፣ ከዚያ የዓለም ታላቁ ሳይንቲስት ሆነ። አጭር፣ ጣፋጭ፣ ለሰነፍም ለጎበዝም የሚመች ታሪክ። ፌስቡክም ላይ ከፎቶው ጋር በየጊዜው ይዞራል።

ግን ውሸት ነው። አልበርት አንስታይን በሒሳብ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎበዝ ነበር። "ወደቀ" የሚባለው ፈተና በ1895 የወሰደው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ መግቢያ ፈተና ነው። ያኔ ዕድሜው 16 ነበር፤ ከተለመደው የመግቢያ ዕድሜ በሁለት ዓመት ያንሳል። ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰም። ሒሳብና ፊዚክሱን በደንብ ሠራ፤ የጣለው እንደ ፈረንሳይኛ ያለው ሌላው ትምህርት ነው። ከዚያ አራው በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ አንድ ዓመት ተምሮ በ1896 ፖሊቴክኒክ ገባ።

የገባበት ክፍል ደግሞ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራንን የሚያሠለጥን ነበር። አዎ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ! በሐምሌ 1900 ሲጨርስ በእጁ የያዘው ወረቀት ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚያስችል "ዲፕሎማ" ነበር። እኔም በዲፕሎማ ነው የማስተምረው። (የቃሉ መመሳሰል ነው እንጂ ደረጃችንስ አይገናኝም፤ እንዳትስቁብኝ።)

በዚያ ዓመት ከእሱ ጋር ለመጨረሻው ፈተና የተቀመጡት አምስት ተማሪዎች ነበሩ። አራቱ አለፉ። አንስታይን ያመጣው አማካይ ውጤት ከ6 4.91 ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ካለፉት ከአራቱ የመጨረሻው ነበር። አምስተኛዋ ብቸኛዋ ሴት ሚሌቫ ማሪች ነበረች። እሷ 4.00 አምጥታ ወደቀች። ስለ እሷ ቆይቼ እጽፋለሁ።

2. ሦስቱ ተቀጠሩ፣ አንዱ ቀረ

ያን ጊዜ በፊዚክስ ወይም በሒሳብ ለተመረቀ ሰው የነበሩት በሮች ሁለት ያህል ናቸው። አንደኛው እዚያው ተቋም የፕሮፌሰር ረዳት ሆኖ መቅረት። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ማስተማር። እኛም ጋ ብዙ አልተለየም። አንደኛ የወጣው ግራጁዌት አሲስታንት ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው የማስተማር ቦታ ይፈልጋል፤ የቀረው ሰሌዳ ስር ይቆማል።

ከአንስታይን ጋር ያለፉት ሦስቱ፣ ማርሴል ግሮስማን፣ ሉዊ ኮልሮስና ያኮብ ኤራት፣ እዚያው ፖሊቴክኒክ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። አንስታይን ብቻ ቀረ።

ለምን ቀረ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ የእሱም ነበር። ክፍል ይቀር ነበር። ለፈተና የሚያጠናው ግሮስማን በንጽሕና ከያዘው ደብተር ነበር። የላቦራቶሪ ትምህርቱን ችላ ከማለቱ የተነሳ ከአንዱ መምህር ዝቅተኛውን ውጤት፣ ማለትም 1 አግኝቷል፤ የጽሑፍ ተግሣጽም ደርሶታል። የፊዚክሱን ፕሮፌሰር ሃይንሪክ ቬበርን "ፕሮፌሰር" በማለት ፈንታ "አቶ ቬበር" ብሎ ይጠራው ነበር። እስቲ አስቡት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶክተሩን በሰው ፊት "አቶ እገሌ" ሲለው! በኋላ ቬበር ረዳት ሲፈልግ እሱን አልወሰደውም። የሒሳብ ፕሮፌሰሩን አዶልፍ ሁርቪትስንም ጠየቀ፤ ግን የሁርቪትስን ሴሚናር ገብቶ የማያውቅ ተማሪ ነበርና እሱም አልሆነም።

ከጥፋቱ ውጪ የሆነም ነገር ነበር። ገና የስዊዘርላንድ ዜግነት አልነበረውም፤ ያገኘው በየካቲት 1901 ነው። ይሁዲ መሆኑም በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች እንደሚጎዳው ራሱ በደብዳቤው ጽፏል። እንግዲህ የሥራ አጥነት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የራስ ጥፋት፣ የሰው ቂም፣ የዘመኑ አድሎ፣ የቦታ ማነስ፣ ሁሉም ተደራርቦ ነው አንድ ሰው ላይ የሚቀመጠው። እኛ ግን ከውጭ ሆነን አንዱን ብቻ መርጠን እንፈርዳለን፤ "አልጣረም" ወይም "ዘመድ የለውም" ብለን እንዘጋዋለን።

3. የደብዳቤው ወራት

ተማሪ ሳለ ከእናቱ ዘመዶች በወር 100 ፍራንክ ይላክለት ነበር። ሲመረቅ ተቋረጠ። ይኼን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቤተሰብ "ተመረቀ" ብሎ ድግስ ከደገሰ በኋላ ኪስ ውስጥ የሚገባው ነገር ያበቃል። አባቱ ሄርማን ጣሊያን ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ይነግዱ ነበር፤ ንግዱ ግን ደጋግሞ ከስሯል። ልጁ ሚላን ወላጆቹ ቤት ቁጭ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ያዘ።

በታኅሣሥ 1900 የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፉን ለታዋቂው የጀርመን የፊዚክስ መጽሔት ላከ፤ በ1901 ታተመለት። እሷን እንደ ሲቪ ያዛት። በመጋቢት 1901 ላይፕዚግ ላለው ለታላቁ ኬሚስት ለቪልሄልም ኦስትቫልድ ጽሑፉን አያይዞ ጻፈለት፤ ለሒሳባዊ ፊዚክስ ሰው ያስፈልግዎት ይሆን? ብሎ። መልስ የለም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ጻፈ። ምክንያቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ባለፈው ደብዳቤ ላይ አድራሻዬን መጻፌን እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ነበር። ይህቺ ነገር አሳቀችኝም፣ አሳዘነችኝም። ዛሬ "ሰላም፣ ሜሴጄ ደርሶዎት ይሆን?" ብለን የምንልካት ያቺው ናት። ሰውየው እንዳላየን ልባችን እያወቀ፣ ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ እናሳብባለን።

ወደ ጎቲንገን ጻፈ፤ እምቢ ተባለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1901 ሆላንድ ላይደን ላለው ለፊዚሲስቱ ለካመርሊንግ ኦነስ ፖስታ ካርድ ላከ። ካርዷ ሁለት እጥፍ ናት፤ አንዱ ግማሽ ጥያቄው የተጻፈበት፣ ሌላው ግማሽ ቴምብሩ አስቀድሞ የተከፈለበት የመልስ ካርድ። ሰውየው ሳንቲም እንኳ አያወጣም፤ "አዎ" ወይም "የለም" ብሎ ፖስታ ቤት መጣል ብቻ ነው። አልተመለሰችም። ካርዷ ዛሬ ላይደን ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች።

በነጋታው፣ ሚያዝያ 13፣ ሌላ ደብዳቤ ከሚላን ወጣ። የዚህን ጸሐፊ አንስታይን አያውቅም፤ የጻፉት አባቱ ናቸው። ሄርማን አንስታይን ልጃቸው ሳያውቅ ለፕሮፌሰር ኦስትቫልድ ጻፉ። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ፦ ልጄ ሥራ አጥቶ በጣም ከፍቶታል። መንገዱ የተበላሸበት መስሎታል፤ አቅም ለሌለን ለእኛም ሸክም የሆነ መስሎት ይጨነቃል። ጽሑፉን አንብበው ሁለት ቃል ማበረታቻ ቢጽፉለት፣ ከተቻለም የረዳትነት ቦታ ቢሰጡት፤ እኔ መጻፌን ግን ልጄ አያውቅም።

እኔ እዚህ ላይ ንባቤን አቁሜ ነበር። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አስተዳደር ክፍል በር ላይ የሚቆሙ አባቶችን አውቃለሁ። "ልጄ እንዳይሰማ እንጂ…" ብለው የሚጀምሩ። የከሰረ ነጋዴ፣ የሙያውን ቋንቋ የማያውቅ አባት፣ የማያውቀውን ትልቅ ሰው ለልጁ ሲለምን። ለዚህም ደብዳቤ መልስ መምጣቱን የሚያሳይ ነገር የለም።

4. ምትክ መምህር፣ አስጠኚ፣ ማስታወቂያ

ከግንቦት እስከ ሐምሌ 1901 ቪንተርቱር በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ለውትድርና የሄደ መምህርን ተክቶ አስተማረ። ሁለት ወር ብቻ። ማስተማሩን ግን ከጠበቀው በላይ እንደወደደው ለድሮ መምህሩ ጽፏል፤ ጠዋት አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ከሰዓት ለራሱ ጥናት ጉልበት ይተርፈኛል ብሏል። (አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ለእኔ የሚተርፈኝ ጉሮሮ ማከሚያ ሻይ ብቻ ነው።)

በመከር ወራት ሻፍሃውዘን ሄዶ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አንድ እንግሊዛዊ ልጅ ለማስጠናት ተቀጠረ። ከአሠሪው ጋር አልተስማማም፤ በ1902 መጀመሪያ ለቀቀ። በዚያው ሰሞን ለዶክትሬት ያስገባውን ጽሑፍም ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ መልሶ ወሰደ።

ከዚያ ወደ በርን ከተማ ሄደና የካቲት 5 ቀን 1902 የከተማው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አስነገረ። ለተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ በጥልቀት አስጠናለሁ፤ የፖሊቴክኒክ የመምህርነት ዲፕሎማ አለኝ፤ የሙከራው ትምህርት በነፃ ነው የሚል። በዛሬው ቋንቋ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው "ቤት ለቤት እናስጠናለን" ማለት ነው። ይኼ ሰው አንስታይን ነው!

ማስታወቂያውን አይተው ከመጡት አንዱ ሞሪስ ሶሎቪን የሚባል ሩማኒያዊ ተማሪ ነበር። ክፍያው ብዙም ሳይቆይ ተረሳ፤ ጓደኛ ሆኑ። ኮንራድ ሃቢክት የተባለ ሌላ ጓደኛ ተጨመረና ሦስቱ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ መጽሐፍ አንብበው ይከራከሩ ጀመር። ለቀልድ ስሙን "የኦሎምፒያ አካዳሚ" አሉት። እራታቸው ዳቦ፣ አይብ፣ ሻይ የመሰለ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ቤት ውስጥ "አካዳሚ" ተቋቋመ ማለት ነው።

ልጆቼ፣ ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ውሰዱ ብባል ይኼን ነው የምላችሁ። ሥራው በሌለበት ጊዜ ትምህርቱን አልተወውም። ብቻውንም አልሆነም።

5. ደብተሩን ያዋሰው ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንስታይን የመጀመሪያ ቋሚ ሥራውን ያገኘው በሊቅነቱ አይደለም። በጓደኛው ነው።

ያ ደብተሩን ሲያውሰው የነበረው ማርሴል ግሮስማን የጓደኛውን ችግር ለአባቱ ነገረ። አባቱ ደግሞ በርን ያለውን የስዊዘርላንድ የፓተንት ቢሮ ዳይሬክተር ፍሪድሪክ ሃለርን ያውቁ ነበር። (ፓተንት ቢሮ ማለት አዲስ ነገር ፈጠርኩ የሚል ሰው ለፈጠራው የባለቤትነት መብት የሚጠይቅበት መሥሪያ ቤት ነው።) በሚያዝያ 1901፣ ያቺ ፖስታ ካርድ በተላከችበት ሳምንት አካባቢ፣ ግሮስማን "አባቴ ለሃለር ነግሮልሃል፤ ቦታ ሲከፈት ተወዳደር" የሚል ዜና ላከለት።

ታዲያ በማግስቱ ተቀጠረ እንዳትሉ። ክፍት ቦታው በመንግሥት ጋዜጣ የወጣው በታኅሣሥ 1901 ነው። አመለከተ። ሃለር ጠርቶ ፈተነው፤ የማሽን ዕውቀቱ ደካማ ሆኖ አገኘው። ማስታወቂያው የሁለተኛ ደረጃ ባለሙያ ይል ነበር፤ እሱ የተቀጠረው ግን በሦስተኛ ደረጃ፣ ያውም በሙከራ ነው። ሥራ የጀመረው ሰኔ 23 ቀን 1902፣ በዓመት 3,500 ፍራንክ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ልክ እንደ ባጃጁ ልጅ።

"ያው ዘመድ ነዋ!" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም አሰብኩት። ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው። ቦታው በይፋ ወጥቷል፤ ፈተና ነበረው፤ ደረጃው በፈተናው ልክ ዝቅ ብሏል። ግሮስማን ያደረገው የሌላውን ሰው ቦታ ነጥቆ መስጠት አይደለም። በሩ የት እንዳለ ለጓደኛው መጠቆምና ስሙን በበጎ ማንሳት ነው። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች እየተምታቱብን "እኔ በዘመድ አልሠራም" በሚል ኩራት ስንቱን ሰው በር ላይ ጥለነዋል።

አባቱ ሄርማን በጥቅምት 1902 ሞቱ። ልጃቸው ሥራ ከያዘ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። ቢሆንም አይተውት ሞቱ። አንስታይን ደግሞ በስተርጅና ስለ ግሮስማን ሲጽፍ፣ ያ እርዳታ ባይኖር እንኳ አይሞትም ነበር፤ አእምሮው ግን በደረቀ ነበር የሚል ሐሳብ ጽፏል። በ1905 የዶክትሬት ጽሑፉ ሲታተምም መታሰቢያነቱ ለጓደኛው ለግሮስማን ነው።

6. አምስተኛዋ ተማሪ

አሁን ስለ ሚሌቫ። ይኼን ክፍል ተማሪዎቼን አስተምሬያቸው አላውቅም።

ሚሌቫ ማሪች ያኔ በሃንጋሪ ግዛት ሥር ከነበረው ከዛሬው ሰሜን ሰርቢያ የመጣች ልጅ ናት። ሴት ፊዚክስ መማሯ እንደ ጉድ በሚታይበት ዘመን ከወንዶቹ ጋር እኩል ተቀምጣ ተምራለች። በ1900 ወደቀች። በሐምሌ 1901 ደግማ ተፈተነች። በዚህ ጊዜ የአንስታይን እጮኛ ነበረች፤ ሳይጋቡ አርግዛ ሦስት ወር ገደማ ሆኗት ነበር። እሱ ቋሚ ሥራ የለውም፤ ቤተሰቦቹ ጋብቻውን አጥብቀው ተቃውመዋል። በዚያ ሁኔታ ተፈትና እንደገና ወደቀች። ዲፕሎማውን አላገኘችም። ወላጆቿ ዘንድ ተመልሳ በ1902 መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለደች። የልጅቷ መጨረሻ እስካሁን በውል አይታወቅም። አንስታይንና ሚሌቫ የተጋቡት እሱ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ በጥር 1903 ነው።

ከአምስቱ አራቱ የምርምር ወይም የማስተማር ሥራ ይዘው ዘለቁ። እሷ አልሆነላትም። ከፍቺ በኋላ የሒሳብና የፒያኖ ትምህርት በግል እያስጠናች ኖራለች። "ታገሡ፣ ሁሉም ጊዜ አለው" የሚለው ምክር ለአንስታይን ሠርቷል። ለሚሌቫ አልሠራም። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባላል፤ አንዳንዱን ደግሞ ቀኑ ሳያልፍለት ዕድሜው ያልፋል። ስለዚህ "አይዞህ፣ ይገኛል" ብሎ መሄድ ብቻውን ምክር አይደለም። እኔም ባጃጁ ውስጥ ያልኩት ያንኑ ነበር።

7. ከዚያስ?

ፓተንት ቢሮው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ያሠራል። አንስታይን በትርፍ ጊዜው፣ አንዳንዴም በሥራ ሰዓት መሳቢያው ውስጥ ከደበቀው ወረቀት፣ የራሱን ፊዚክስ ይሠራ ነበር። በ1905 ዓለምን የቀየሩትን ጽሑፎች አከታትሎ አሳተመ። የብርሃን ቅንጣቶች፣ የብራውን እንቅስቃሴ፣ ልዩ አንጻራዊነት፣ ከዚያም የጉልበትና የመጠነ ቁስ ዝምድና።

እሱም በተራው በሩን ለሌላ ሰው ጠቁሟል። በ1904 መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ሲፈልግ ለጓደኛው ለሚኬሌ ቤሶ ነገረው። ቤሶ ተወዳድሮ ገባ፤ ያውም ከአንስታይን በላቀ ደረጃ! አንስታይን አልከፋውም። ከሥራ አብረው እየወጡ ሲከራከሩ ይሄዱ ነበር። የአንጻራዊነት ጽሑፉ መጨረሻ ላይ በስም ተጠቅሶ የተመሰገነው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቤሶ።

አሁን የምነግራችሁን ግን ሳነብ ደንግጫለሁ። በጥር 1908፣ አንጻራዊነትን ካሳተመ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንስታይን ዙሪክ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርነት አመለከተ። 21 አመልካቾች ነበሩ። ለመጨረሻው ዙር ሦስት ሰዎች ተመረጡ። እሱ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በቋሚነት ያገኘው በ1909 ነው፤ ከተመረቀ በዘጠነኛው ዓመት።

ኦስትቫልድስ? ለደብዳቤዎቹ ያልመለሰው ያ ፕሮፌሰር ለ1910 የኖቤል ሽልማት አንስታይንን ጠቆመ፤ በታሪክ የመጀመሪያው ጠቋሚም እሱ ሆነ። ካመርሊንግ ኦነስም በኋላ ወዳጁ ሆኗል፤ ላይደን ዩኒቨርሲቲም በ1920 የክብር ያህል የሆነ ፕሮፌሰርነት ሰጥቶታል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው። ሥራ የበዛባቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤ የተከመረባቸው፣ "በኋላ እመልስለታለሁ" ያሉ ሰዎች ናቸው። እንደ እኔ።

8. ወደ ቴሌግራሙ

አባቴ በደርግ ጊዜ ነው የተማረው። በእነሱ ዘመን ተመራቂ ሥራ አይፈልግም፤ መንግሥት ይመድበዋል። ምደባው የት እንደሚጥልህ አታውቅም፣ አትመርጥም፤ ግን ቤት አትቀመጥም። እኛ ስንደርስ ምደባው ቀርቶ ሰሌዳው ጠበቀን። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነቡ ወጣቶችን ያየ ሰው ይኼን ያውቀዋል። በእኛ አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በ70/30 ምደባ ምክንያት ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚገባው ተማሪ በዛ፤ እነዚያን ተመራቂዎች የሚቀበል ላቦራቶሪና ፋብሪካ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። ማስታወቂያው አሁንም "የሥራ ልምድ 2 ዓመት" ይላል። ልምዱን ማን ይስጠው?

አምና ትምህርት ቤታችን ፊዚክስ መምህር ጎድሎን ነበር። በኮንትራት እንዲቀጠር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ለአምስት ቀን ብቻ። በዚያው ሳምንት ያ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። "ጤና ይስጥልኝ ቲቸር፣ በፊዚክስ ተመርቄያለሁ። እናንተ ጋ ወይም አካባቢው ላይ ክፍት ቦታ ካለ ቢነግሩኝ።" አነበብኩት። ሰሌዳው ከስታፍ ክፍላችን ሃያ እርምጃ አይርቅም። "አለ፣ ነገ ዶክመንትህን ይዘህ ና" ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አልመለስኩም።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ቀላል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔ በዲፕሎማ ነኝ፤ እሱ በዲግሪ። የእኔ ተማሪ የነበረ ልጅ ስታፍ ክፍል ገብቶ ከእኔ በላይ ደሞዝ ሲፈርም ታየኝ። ዳይሬክተሩ "ከእንግዲህ ፊዚክሱን ለእሱ እንስጠው" ሲል ታየኝ። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ደግሞ "ዩኒቱን ረሱት" ሲለኝ ታየኝ። ቀን ገፋሁ። "ነገ እመልስለታለሁ" አልኩ። አምስቱ ቀን አለፈ። ከዚያ በኋላ መመለሱ ራሱ አሳፈረኝና ተውኩት። ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ።

ለዚህ ነው የቤሶ ነገር የከነከነኝ። አንስታይን ጓደኛው ከእሱ በላይ ደረጃ ይዞ ሲገባ ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ሐሳቡን የሚፈትንለት ሰው አገኘ። እኔ ምን አገኘሁ? ዩኒት ስረሳ የሚያርመኝ ሰው የሌለበት ስታፍ ክፍል።

ሰኞ ማታ ጻፍኩለት። ሜሴጁን አይቼው እንደነበር፣ ማስታወቂያው ያኔ ወጥቶ እንደነበር፣ ለምን እንዳልመለስኩ፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ማክሰኞን ሙሉ መልስ አልመጣም። እኔም ስልኬን እየከፈትኩ እየዘጋሁ፣ መልስ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ትንሽ አየሁ። ረቡዕ ጠዋት እንዲህ አለኝ፦ "ገርሞኛል ቲቸር። ደብቀውኝ ቢሆን ይሻላቸው ነበር ብዬም አሰብኩ። ለማንኛውም ዘንድሮ ቦታ ካለ ይንገሩኝ።" ይቅር ብዬዎታለሁ አላለም። እኔም ልጠይቀው መብት የለኝም።

ዘንድሮ ገና አልወጣም። በየቀኑ ሰሌዳውን አያለሁ።

እናንተም ወዳጆቼ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ ስልካችሁን ክፈቱና ያልመለሳችሁትን ሜሴጅ ፈልጉ። "የለም" ማለትም መልስ ነው፤ የጠየቀው ሰው ሌላ በር እንዲሞክር ይረዳዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። በአካባቢያችሁ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለባዮሎጂና ለሒሳብ ተመራቂ የሚሆን ማስታወቂያ ካያችሁ እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ከተማውንና የመዝጊያ ቀኑን ጨምሩበት። ኮሜንቱን የሚያነብ አንድ ልጅ ይኖራል። ባጃጅ ላይ ሆኖም ቢሆን።